ዝናብ ወደ ላይ አይዘንብም

መምህር ይሥሐቅ በራቤል ያልተጣሉት ነገር ቢኖር ዝናብ ብቻ ነበር። ሠላሳ አራት ዓመት ፊዚክስ ሲያስተምሩ ከአምስት ርእሰ መምህራን ጋር ተጣልተዋል። ጡረታ ሲወጡ ደግሞ ጊዜ ስላገኙ ከውኃ ኮሚቴው፣ ከዕድሩ ጸሐፊና መንገድ መሀል አሸዋ ከሚያራግፉ ሾፌሮች ጋር ጀመሩ። ጠባቸው የቡጢ አይደለም፤ የጽሑፍ ነው። ቀንና ቁጥር ያለው፣ ከሥሩ «ግልባጭ» የተዘረዘረበት አቤቱታ ነው የሚጽፉት። የሚያናድደው ነገር፣ ከዐሥሩ ጠብ በስምንቱ እውነቱ የእሳቸው መሆኑ ነው። ሲሳሳት የሚኖር ሰው ጎረቤት አያጣም፤ ልክ ሆኖ የሚኖረውን ግን ሰዉ ከሩቅ ሲያየው መንገድ ይቀይራል።

ከዝናብ ጋር የተጣሉት ነሐሴ አንድ ቀን ነው፤ የፍልሰታ ጾም በተያዘበት ዕለት፣ ከቀኑ ዐሥር ሰዓት ላይ።

«አባባ! ጠፋ! ጠፋ!» ብላ ልጃቸው ሲና ከጓሮ ጮኸች።

የጠፋው መብራት ነው። ያውም የቤቱ አይደለም፤ ጓሮ የቆመው ተሳቢ ቤት መብራት ነው። ይህ ተሳቢ መኪና የሚጎትተው፣ ባለ ሁለት ጎማ፣ ባለ አንድ መስኮት ቤት ነው። መንገድ ሊሠራ የመጣ ድርጅት መሐንዲስ ለሁለት ዓመት ተኝቶበታል። መሐንዲሱ የቆላ አገር ሰው ስለነበረ ራቤል ያለችበትን የጊሼን ደጋ ብርድ ፈርቶ ግድግዳውን በወፍራም ስፖንጅ አስደርቦት ነበር። ድርጅቱ መንገዱን ጨርሻለሁ ብሎ ሲሄድ (አልጨረሰም፤ መምህር ይሥሐቅ በዚህ ላይ ሁለት አቤቱታ ጽፈዋል) ሲና ተሳቢውን በጨረታ ወሰደችው። መሐንዲሱ ይተኛበት በነበረበት ቦታ የእንቁላል መፈልፈያ ማሽን አስገባች። ማሽኑ ውስጥ ሦስት መቶ እንቁላል አለ። እንቁላሎቹ የገቡት ሐምሌ ሃያ ሁለት ነው፤ ሃያ አንድ ቀን ሳይቀዘቅዙ ከቆዩ ነሐሴ ዐሥራ ሦስት፣ የቡሄ ዕለት፣ ጫጩት ይሆናሉ። ከቀዘቀዙ ምንም አይሆኑም።

ሲና ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው። በእንስሳት ሳይንስ ተመርቃ ሦስት ዓመት የሥራ ማስታወቂያ ሰሌዳ ሥር ስትቆም ከረመች። አዲስ አበባ የሴራሚክ ሱቅ ያለው የእናቷ ወንድም በየወሩ እየደወለ «ምን ትጠብቂያለሽ? ነይና ካሸር ሁኚልኝ» ይላታል። በመጨረሻ ቁርጡን ነገረችው፦ የመጀመሪያው ዙር ከተፈለፈለ ትቀራለች፤ ካልተፈለፈለ ለመስቀል ሻንጣዋን ይዛ ትመጣለች። ይህን አባቷ እየሰሙ ነው የተናገረችው።

መምህር ይሥሐቅ በዚያን ዕለት «ዲግሪ ያላት ልጅ ደረሰኝ ልትቆርጥ! የዚህ አገር ነገር እኮ!» ብለው ሲጮኹ ዋሉ። በየትኛውም አቤቱታ ሊያሰፍሩት የማይችሉት ግን ሌላ ነገር ነበር። በዚያ ቤት እሳቸውን ፊት ለፊት የምትከራከር፣ አንዳንዴም የምትረታ፣ ሲና ብቻ ናት። እሷ ከሄደች ቤቱ ጸጥ ሊል ነው። ጸጥታ ደግሞ አይወዱም።

እናም ያን ቀን ዝናቡ ውስጥ ባዶ ራሳቸውን ሮጡ። ነገሩን ለማግኘት ብዙ አልፈጀባቸውም። ከቤቱ የሚመጣው ረጅም ገመድና ከተሳቢው የሚወጣው አጭር ገመድ የሚገናኙት ሣር ላይ ነው። ስፒናው ሶኬቱ ውስጥ ገብቶ፣ ሁለቱም ጭቃ ውኃ ውስጥ ተኝተዋል። ውኃ ሲገባበት ቤት ያለው ብሬከር ይወርዳል። ብሬከሩን ያስገቡት ራሳቸው ናቸው፤ ኮረንቲ ከመስመሩ አፈትልኮ ወደ ውኃ ወይም ወደ ሰው ሲሄድ ወዲያው ቆርጦ «ጧ!» ይላል። መጋጠሚያውን ነቅለው በሸሚዛቸው ጠረጉት፣ ተነፈሱበት፣ መልሰው ሰኩት፤ ብሬከሩንም አነሡት። መብራቱ መጣ። ማሽኑ ከሠላሳ ሰባት ተኩል ዲግሪ ወደ ሠላሳ አራት ወርዶ ነበር።

«ነገም ይዘንባል» አለች ሲና።

«ይዝነብ! እኔ እዚህ አለሁ» አሉ መምህር፣ ጠብ እንደተጠራ ሰው።

በማግስቱ ጎረቤታቸው አቶ ወሰኔ በአጥሩ ላይ አንገታቸውን ብቅ አደረጉ። አቶ ወሰኔ የባና፣ የወፍራሙ የሱፍ ብርድ ልብስ፣ ሸማኔ ናቸው። የጊሼ በግ ፀጉር የማይፈታው ችግር አለ ብለው አያምኑም።

«መምህር፣ እኔን ብትጠይቀኝ ኖሮ ትናንት አትበሰብስም ነበር። ይቺን እንካ፣ ጠቅልልበት» ብለው ቁራጭ ባና ወረወሩላቸው።

«ሱፍ ውኃ ይጠጣል እኮ፣ ወሰኔ።»

«ውኃ ይጠጣል? የኔ በግ ክረምቱን ሙሉ ዝናብ ላይ ቆሞ ነው የሚውለው። አንድ ቀን ነዝሮት ያውቃል?»

«በጉ ሶኬት ላይ አልተሰካማ!»

«ስካውና እንየው!»

መምህር ይሥሐቅ ለመከራከር አፋቸውን ሲከፍቱ የመጀመሪያው ጠብታ አፍንጫቸው ላይ አረፈ። ሌላ ነገር በእጃቸው ስላልነበረ ጠቀለሉት። ባናው አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ታገለ። ከዚያ «ጧ!» አለ። ፈትተው ሲጨምቁት አንድ ጣሳ የሚሞላ ውኃ ወጣው። ያንን ውኃ በጣሳ ይዘው ለአቶ ወሰኔ በአጥሩ ላይ አሳዩ።

«እሱ የበጉ ጥፋት አይደለም፤ አጠቃለልህ ነው» አሉ አቶ ወሰኔ።

ሦስተኛው ቀን የመምህሩ የራሳቸው ነበር፤ ስለዚህ ጥፋቱም የራሳቸው ነው። መጋጠሚያውን በፌስታል ጠቅልለው፣ በጥቁር ናስትሮ ጥፍር አድርገው አሰሩት። በዚህ አገር የፌስታል ነገር ራሱን የቻለ መጽሐፍ ያስጽፋል። ስልክ በፌስታል፣ የመሬት ካርታ በፌስታል፣ ዲግሪ በፌስታል፤ አንድ ነገር ፌስታል ውስጥ ከገባ ሰው ሁሉ ዳነ ብሎ ይተኛል። አልዳነም። ስፒናው ኮረንቲ ሲያልፍበት ይሞቃል፤ የጊሼ ብርድ ከውጭ ይጫነዋል፤ ፌስታሉም ከውስጥ ያልበዋል። ጠዋት ሲፈቱት ዝናብ ያልነካው መጋጠሚያ በራሱ ላብ ረጥቦ አገኙት። መምህር ይሥሐቅ ራሳቸውን ሰደቡ። ራሳቸውን ሲሰድቡ ደግሞ ለሌላ ሰው ከሚራሩት በላይ አይራሩም።

ያን ጠዋት ባለቤታቸው ወይዘሮ አመተሥላሴ በሩ ላይ ቆመው ሲያዩዋቸው ቆዩና «ትንሽ ጠበል ልርጭበት እንዴ?» አሉ።

«አመቴ፣ ይሄ የፊዚክስ ጉዳይ ነው። ቤተ ክርስቲያኒቱን አታስገቢብኝ።»

ወይዘሮ አመተሥላሴ ዝም አሉ። ዝም ማለታቸው መስማማታቸው አልነበረም። ሠላሳ ዓመት አብረዋቸው ኖረው መምህሩ ይህን አለመማራቸው የሚገርም ነው።

እሑድ ነሐሴ አራት ቀን መፍትሔው ተገኘ። መምህሩ ያገኙት መጽሐፍ ውስጥ አይደለም፤ የልብስ ማስጫው ገመድ ላይ ነው። ዝናብ ካባራ በኋላ ቆመው ሲያዩ ጠብታዎቹ ገመዱን ይዘው፣ እርስ በርስ እየተከታተሉ፣ ወደ ረገበው ቦታ ይሄዳሉ። እዚያ ሲደርሱ ዳገት ይሆንባቸዋል፤ መውጣት አቅቷቸው መሬት ይወድቃሉ። ከረገበው ቦታ በላይ ያለው ገመድ ወዲያው ጠፈፍ አለ።

«ሲና!» ብለው ጮኹ። «ባላ አምጪ! ጀሪካን አምጪ! ቢላ አምጪ!»

ባላውን መሬት ላይ ተከሉት። መጋጠሚያውን የሰው ደረት በሚደርስ ከፍታ ላይ አንጠለጠሉት። ሁለቱም ገመዶች ወደ መጋጠሚያው ከመውጣታቸው በፊት ሆዳቸው ወርዶ እንዲረግብ አደረጉ። ከላይ ቢጫ ጀሪካን ቂጡን ቆርጠው፣ ክዳኑን አጥብቀው፣ አፉን ወደ ሰማይ አድርገው እንደ ባርኔጣ ደፉበት። ከሥሩ ክፍት ተዉት፤ ይተንፍስ ብለው። ከሰዓት በኋላ የመጣው ዝናብ በረዶም ነበረበት፤ ጀሪካኑን እንደ ከበሮ መታው። ብሬከሩ ንቅንቅ አላለም።

መምህር ይሥሐቅ ይህን ለራሳቸው ሊይዙት አልቻሉም። ዝናቡ አባርቶ ጎረቤቱ ሲሰበሰብ ዱላ ይዘው ማስተማር ጀመሩ። «ውኃ ገመዱን ይዞ ይመጣል። ይምጣ! ሆዱ ጋ ሲደርስ ዳገት ነው፤ ይንጠባጠባል። ከላይ ቢመጣ ጀሪካን አለ። ላብ እንዳይዘው ከታች ክፍት ነው።»

«ከታች ቢመጣስ?» አሉ አቶ ወሰኔ።

«ዝናብ ወደ ላይ አይዘንብም!»

ሰዉ ሳቀ። አቶ ወሰኔም ሳቁ። ከሰዉ ኋላ ነጠላቸውን አጣፍተው የቆሙት ወይዘሮ አመተሥላሴ ግን አልሳቁም።

«ታዲያ ክፉው ነገር የሚገባው የት ጋ ነበር?» ብለው ጠየቁ።

«እዚህ ጋ!» አሉ መምህር፣ ዱላቸውን ጀሪካኑ ሥር አስገብተው መጋጠሚያውን እየነኩ። «እዚች አፍ ላይ! ሌላ የትም አይደለም።»

ወይዘሮ አመተሥላሴ ራሳቸውን ነቀነቁ። መምህሩ ትምህርቱ የገባቸው መሰላቸው።

ሰኞ ዐሥር ሰዓት ላይ «ጧ!» አለ።

መምህር ይሥሐቅ ጆሯቸውን አላመኑም። ሮጠው ሄደው ሲያዩ ባላው እንደቆመ ነው፤ ጀሪካኑ እንደተደፋ ነው። እየዘነበ ነበር። ጀሪካኑ ከላይ ረጥቧል፤ ይህ ደንብ ነው። መጋጠሚያው ግን ከሥሩ ረጥቧል። አደረቁት፣ ጀሪካኑን በትልቅ ጀሪካን ለወጡት። ማክሰኞ ዐሥር ሰዓት ላይ «ጧ!» አለ። ነፋስ ነው ብለው በነፋስ በኩል ቆርቆሮ አቆሙ። ረቡዕ «ጧ!» ኀሙስ «ጧ!» ሁልጊዜ ዝናብ እያለ፣ ሁልጊዜ ዐሥር ሰዓት ገደማ። መብራቱ በጠፋ ቁጥር ማሽኑ ይቀዘቅዛል፤ ሲና ባና ታለብሰዋለች፤ አባቷ ይጠርጋሉ፤ በግማሽ ሰዓት ይመለሳል። ኀሙስ ዕለት ግን ሲና ገበያ፣ መምህሩ መድኃኒት ቤት ነበሩ። ተመልሰው ሲደርሱ ማሽኑ ሠላሳ ላይ ቆሞ አገኙት።

ሲና አንድ እንቁላል አውጥታ በባትሪ ብርሃን አየችው። ረጅም ጊዜ አየችው።

«ይንቀሳቀሳል» አለች በመጨረሻ። «ግን አባባ፣ እንዲህ ያለ ቀን አንድ ከተደገመ አይችሉም።»

«አይደገምም።»

«ትናንትም እንዲሁ ብለው ነበር።»

መምህር ይሥሐቅ ደብተርና እስክሪብቶ ይዘው ወጡ።

የሚጠረጥሩት ሰው መፈለግ ጀመሩ። የመብራት ኃይሉን ቢሮ ጠረጠሩና የጠፋበትን ሰዓት በደብተር መዘገቡ። የጎረቤት መብራት ግን አልጠፋም፤ ደብተሩን ተዉት። ዐርብም ዐሥር ሰዓት ላይ «ጧ!» ሲል አቶ ወሰኔን ጠረጠሩ።

«ባናህን ስለናቅሁብህ ነው አይደል?»

«መምህር፣ ባናዬን የናቀ ሁሉ መብራቱ ቢጠፋ ራቤል ጨለማ ነበረች። ይልቅ ይሄ ነገር ካልሆነልህ ያን እንቁላል ለፍስክ እንፈረፍረዋለን።»

«ዐሥራ ሰባት ቀን የታቀፈ እንቁላል ነው የምትፈረፍረው? ጫጩቱ አፍ አውጥቶ ይሰድብሃል!»

«አንተ ቤት ያደገ ከሆነማ ይሰድበኛል።»

ቅዳሜ ነሐሴ ዐሥር ቀን ሰማዩ ጥርት ብሎ ዋለ። ደመና ጠብታ ታህል የለም። ዶሮዎች ፀሐይ ላይ ክንፋቸውን ዘርግተው ተኝተዋል። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከሩብ ላይ «ጧ!» አለ።

መምህር ይሥሐቅ መጋጠሚያውን ሲነኩት ከሥሩ እርጥብ ነው። ፀሐይ ላይ ቆመው፣ እርጥብ ስፒና ይዘው፣ ሰማዩን አንጋጠው አዩት። ሠላሳ አራት ዓመት ያስተማሩት ትምህርት ፊታቸው ቆሞ የሳቀባቸው መሰላቸው።

ያኔ ነው ንዴቱ ወደ ጭንቅላታቸው የወጣው። «ብሬከሩ ነው!» አሉ። «ትንሽ እርጥበት ባየ ቁጥር የሚደነግጥ ፈሪ ብሬከር ነው የሸጡልኝ! አውጥቼ እጥለዋለሁ። ሽቦ በቀጥታ አሻግሬ አገናኘዋለሁ፤ ከዚያ በኋላ ይጠፋ እንደሆነ አያለሁ!» መሳቢያ ከፍተው አንዲት ጥቅል የመዳብ ሽቦ አወጡ።

ሲና ብሬከሩ ባለበት ቆጣሪ ፊት ቆመች። «አይነኩትም።»

«ዞር በይ።»

«ዘጠነኛ ክፍል ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። ብሬከር አልፎ ሽቦ የሚያገናኝ ሰው ፈተና ላይ ዜሮ አይሰጠውም፤ ከክፍል ይባረራል ብለውናል። ልውጣ ወይስ ይወጣሉ?»

መምህር ይሥሐቅ ሽቦውን ኪሳቸው ከተቱት። «እሺ። አንድ ቀን እሰጠዋለሁ። ነገ ሲጠፋ በዐይኔ አያለሁ። ምክንያቱን ካጣሁ ግን ዞር ትዪልኛለሽ።»

እሑድ ጠዋት ወይዘሮ አመተሥላሴ ወደ ማርያም ሲወጡ «አትመጣም?» አሏቸው።

«ሆዴን ጎርብጦኛል።»

«በፍልሰታ እሑድ?»

«ሆድ የፍልሰታ እሑድ መሆኑን አያውቅም።»

ወይዘሮ አመተሥላሴ ከንፈራቸውን መጥጠው ሄዱ። መምህሩ የእግራቸው ኮቴ እስኪርቅ ጠብቀው ከገለባው ክምር ኋላ በርጩማ አኖሩና ተቀመጡ። ባላው፣ ጀሪካኑ፣ መጋጠሚያው ፊት ለፊታቸው ነው። ሰማዩ እንደ ትናንቱ ጥርት ያለ ነው። አንድ ሰዓት ተቀመጡ። ሁለት ሰዓት ተቀመጡ። አንድ ድመት መጣችና ባላውን አሽትታ ሄደች። መምህሩ ለድመቷ አቤቱታ በልባቸው ጀምረው ነበር፤ ሰረዙት።

ሦስት ሰዓት ካለፈ በኋላ የጓሮው በር ቀስ ብሎ ተከፈተ። የገቡት ወይዘሮ አመተሥላሴ ናቸው።

ነጭ ለብሰዋል፤ ከቅዳሴ መምጣታቸው ነው። በእጃቸው ትንሽ የውኃ ፕላስቲክ ጠርሙስ ይዘዋል። ወደ ግራ አዩ፣ ወደ ቀኝ አዩ። ወደ ባላው ቀርበው በጠርሙሱ በአየሩ ላይ መስቀል ሠሩ። «በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ» አሉ። ከዚያ ጠበሉን በእፍኛቸው አፈሰሱ፤ እጃቸውን ከጀሪካኑ ሥር አስገቡ፤ ከታች ወደ ላይ፣ ልክ መጋጠሚያው አፍ ላይ፣ ቸፍ! አደረጉት። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ።

ከቤት «ጧ!» የሚል ድምፅ መጣ።

«ይኸው ጮኸ!» አሉ ወይዘሮ አመተሥላሴ በእርካታ።

መምህር ይሥሐቅ ከክምሩ ኋላ ሲነሡ ገለባው ራሳቸው ላይ ነበር። ሊጮኹ ነበር። ዐረፍተ ነገሩ ሙሉውን ተዘጋጅቶ ነበር፤ ባለ ሦስት ሐረግ፣ የሚያምር፣ ሠላሳ ዓመት የሚታወስ። ግን የባለቤታቸው እጅ ገና ጀሪካኑ ሥር ነበር። እርጥብ እጅ ነው። የመዳቡ ሽቦ ደግሞ የእሳቸው ኪስ ውስጥ ነው። ትናንት ሲና ዞር ብላላቸው ቢሆን ኖሮ ያ ብሬከር ዛሬ እዚያ አይኖርም ነበር።

«እጅሽን አውጪ» አሉ፤ ድምፃቸው ቀጭን ሆነ። «አመቴ፣ ቀስ ብለሽ እጅሽን አውጪ።»

ወይዘሮ አመተሥላሴ ደንግጠው ዞሩ። «አንተ! ሆድህን አሞህ አልነበር?»

«እጅሽን አሳዪኝ።» ይዘው ገለበጡት፤ መዳፉን፣ ጣቶቹን፣ አንድ በአንድ አዩ። «ነዝሮሽ ያውቃል?»

«ጠበል የያዘ እጅ ምን ይነካዋል?»

«ስንት ቀን ነው ይሄን ያደረግሽው?»

«ሰባት። ዛሬ ሰባተኛው ነው፤ በቃ ጨረስሁ።» ከዚያ እሳቸውም ተቆጡ። «ምን ታፈጥብኛለህ? አንተው አይደለህ ሰው ሰብስበህ ክፉው የሚገባው በዚች አፍ ነው ያልከው? እኔም ሌላውን ተሳቢ ትቼ እዚችው አፍ ላይ ረጨሁ። ደግሞም ልክ ነበርህ! ጠበሉ ሲነካው ወዲያው ነው ‹ጧ!› ብሎ የሚጮኸው። ጠበል ቦታ አላየህም? የያዘው ነገር ጠበሉ ሲያርፍበት ይጮኻል። ካልጮኸ የለበትም ማለት ነው። ይሄ በየቀኑ ጮኸ!»

መምህር ይሥሐቅ ሠላሳ አራት ዓመት ካስተማሯቸው ተማሪዎች አንዱም እንደዚህ በሥርዓት አስተውሎ፣ ሰባት ቀን ደጋግሞ ሞክሮ፣ ውጤቱን ይዞ የመጣላቸው አልነበረም። የሰኞው ዐሥር ሰዓት፣ የዐርቡ ዐሥር ሰዓት፣ የቅዳሜው ጠዋት ሁሉም በአንድ ጊዜ ገባቸው። በአዘቦት ቀን ቅዳሴ የሚወጣው ከሰዓት በኋላ ነው፤ ቅዳሜና እሑድ ጠዋት። ዝናቡ በዚያው ሰዓት መምጣቱ የዝናቡ ጥፋት አልነበረም።

«ያስተዋልሽው ትክክል ነው» አሉ ቀስ ብለው። «የሚጮኸው ግን ብሬከሩ ነው። ውኃ ሲነካው ሰው እንዳይሞት ብሎ ነው የሚጮኸው። አንቺን ነው ሲያድንሽ የከረመው።»

«እንግዲህ የሚያድን ከሆነ ማን ያዘዘው ይመስልሃል?»

ይህን ጊዜ ሲና ባና በትከሻዋ ጥላ እየሮጠች መጣች። «አባባ ጠፋ እኮ! ምን ቆማችሁ…» አለችና የእናቷን ጠርሙስ፣ የአባቷን ገለባ፣ የሚንጠባጠበውን መጋጠሚያ አየች። ሁሉም ገባት። ባናውን አፏ ላይ ጭና ሳቋን አፈነች፤ ትከሻዋ ግን ይንቀጠቀጥ ነበር።

«ምን ያስቅሻል?» አሉ ሁለቱም በአንድ ድምፅ።

«ምንም፣ ምንም። አባባ ይጥረጉ። እማዬ፣ ጠርሙሱ ውስጥ የቀረ አለ?»

«ግማሽ አለ።»

«ስጪኝ። ከትናንት ጀምሮ እስኪፈለፈሉ ቅርፊቱ እንዳይደርቅባቸው እርጥበት ይፈልጋሉ፤ ማሽኑ ውስጥ የውኃ ሳህን አለ። ከበርሜል ልቀዳ ነበር።»

ወይዘሮ አመተሥላሴ ባለቤታቸውን አዩ። መምህሩ ቀና አላሉም፤ ስፒናውን በሸሚዛቸው ጫፍ እየጠረጉ ነበር።

«ከውስጥ ይሻላል» አሉ። «ፊዚክሱም እዚያ ይፈልገዋል።»

ሽቦውን ከኪሳቸው አወጡና በአጥሩ ላይ አሻግረው ወረወሩት። ከወዲያ በኩል «ማነው የሚደበድበኝ?» የሚል የአቶ ወሰኔ ድምፅ መጣ።

ሰኞ መብራቱ አልጠፋም። ከሰዓት በኋላ ሰማዩ እንዳለ ወረደ፤ የጓሮው ውኃ የተሳቢውን ጎማ ግማሽ ድረስ ዋጠው፤ ገመዱ ሆዱ ላይ ጠብ ጠብ ሲል ዋለ። መጋጠሚያው ጀሪካኑ ሥር ደርቆ ተቀመጠ። ማክሰኞ፣ የቡሄ ጠዋት፣ ሲና የማሽኑን መስታወት በእጇ ጠርጋ ብታይ አንድ ቅርፊት ተሰንጥቆ የመርፌ ጫፍ የምታህል አፍ ወጥታበታለች። እስከ ቀትር ሰማንያ ሆኑ። እስከ ማታ ሁለት መቶ ዐሥራ አንድ።

በማግስቱ ራቤል ሁሉ መጣ። ተሳቢው ሁለት ሰው ብቻ ስለሚይዝ ጫጩቶቹን በካርቶን ወደ ሳሎን አወጧቸው፤ ካርቶኑ ስለጠበበ ግማሾቹ ወለሉ ላይ ተበተኑ። ወይዘሮ አመተሥላሴ ለመጣ ሁሉ ይናገራሉ። ሰባት ቀን ተረጨ፣ ሰባት ቀን ጮኸ፣ በስምንተኛው ለቀቀ፤ ከዚያ ወዲህ በዚያ ሁሉ ዝናብ አንዴ እንኳ አልጠፋም። እንግዳው «እሰይ! እሰይ!» ይላል። ስለ ባላው ማንም አላነሣም። ስለ ገመዱ ሆድ ማንም አላነሣም። ጀሪካኑን ያየ አንድ ሰው «ይቺ ለምንድን ናት?» ብሎ ጠይቆ መልሱን ሳይሰማ ገባ።

መምህር ይሥሐቅ ጥግ ላይ ተቀምጠው ይፈላሉ። መልሳቸው ተዘጋጅቷል፤ አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ ተብሎ።

አቶ ወሰኔ ደግሞ ሆን ብለው ከፊታቸው መጡና ቆሙ። «እንግዲህ መምህር፣ ፊዚክስህ ምን ይላል? ዐሥራ አንድ ቀን ከገመድ ጋር ታግለህ አልሆነልህም። አመተሥላሴ ግን በአንድ ጠርሙስ ጨረሰችው። ወይስ ሌላ የምትለው አለህ?»

ሰዉ ሁሉ ይህን ሲጠብቅ ነበር። መምህር ይሥሐቅ ተነሡ፤ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ ጣታቸውን አነሡ።

በዚህ መሀል ሲና በሩ ላይ ቆማ በስልክ ስታወራ ሰሙ። አጎቷ ነው። «አይ፣ ለመስቀል እኔ አልመጣም» ትላለች። «ካሸር ሌላ ፈልግ። ሁለተኛውን ዙር ሰኞ አስገባለሁ… አይ፣ ቁርጤ ነው… ይልቅ እናንተ ብትመጡ ይሻላል።»

መምህር ይሥሐቅ ጣታቸው እንደተነሣ ቀረ። አንደኛው የት እንደደረሰ ጠፋቸው። ሁለተኛው ሦስተኛውን ይዞት ሄደ።

«ምን ልትል ነበር?» አሉ አቶ ወሰኔ።

«ምንም» አሉ መምህር ይሥሐቅ። «እግርህን አንሣ፣ ጫጩት ልትረግጥብን ነው።»